ሜዳ ያደረግኩላት ግቢ

እኔ አናጢ ነኝ፤ ጠማማ ነገር አልወድም። ይሄን አስቀድሜ ብናገር ይሻላል፣ ከዚህ በታች የማወራው ጥፋት ሁሉ የመጣው ከዚሁ ነውና። ለቅሶ ቤት ተቀምጬ እንኳ ዓይኔ የሚያየው የበሩን መቃን ነው። አንዴ አፍንጮ በር ለቅሶ ሄደን ባለቤቴ በክርኗ ጎሸም አድርጋኝ፣ «ሰው ለሟቹ ያለቅሳል፣ አንተ ለበሩ ታለቅሳለህ» ብላኛለች። ምን ላድርግ? በሩ አንድ ጣት ያህል ዘመም ብሎ ነበር።

ይሄ ጠባይ ያለው ሰው ደግሞ የት ይኖራል? እሪ በከንቱ፣ ቁልቁለት ላይ! ግቢያችን አምስት ቤት ያለው የድሮ የቀበሌ ግቢ ነው። ከላይኛው ቤት በራፍ የተለቀቀ ኳስ ሳይቆም የግቢውን በር አልፎ፣ ኮብልስቶኑን ወርዶ፣ ታች ድልድዩ ጋ ነው የሚገኘው። ክረምት ሲገባ ባልዲ ይዞ የሚወጣ ሰው አንድ እጁ ግድግዳ ላይ ነው። እኔ እዚሁ ተወልጄ፣ እዚሁ እየወደቅኩ ነው ያደግኩት። ጉልበቴ ላይ ያለው ጠባሳ የትየለሌ ነው።

ልጃችን የመጣችው በተጋባን በአሥራ አንድ ዓመታችን ነው። እኔ አርባ ስድስት፣ ባለቤቴ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመታችን ነበር። ስለ ልጅ ማውራት ትተን፣ ዘመድም መጠየቅ ትቶን ነበር። ስትወለድ ግቢው በእልልታ ቀለጠ። ስሟን እዚህ አልጽፍም፤ ሰፈሩ ሁሉ ሚጣ ነው የሚላት፣ እኔም ሚጣ ልበላት። እንዴት እንደምወዳት ለመናገር አላፍርም። ጠዋት ከቤት ከመውጣቴ በፊት የእግሯን ጣቶች አንድ በአንድ እስማለሁ፣ አሥሩንም። ዘጠኝ ላይ ካቆምኩ ያቺን ቀን እጄ ሥራ አይዝልኝም።

በግቢያችን አንድ ደንብ አለ፤ ማንም የጻፈው የለም። ልጅ ካለቀሰ ቅርብ ያለ ሰው አንስቶ ያዝለዋል፣ የማን ልጅ ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ከሁሉ በላይ የሚያዝሉት ላይኛው ቤት የሚኖሩት አሮጊት ናቸው፤ ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው። እኔንም አዝለውኛል። እማማ ልጅ አዝለው ሽንኩርት ይከትፋሉ፣ ልብስ ያሰጣሉ፣ ጎንበስ ቀና እያሉ ግቢ ይጠርጋሉ። ልጁ ጀርባቸው ላይ እየተወዛወዘ እንቅልፉን ይለጥጣል። ሚጣም ስምንት ወር እስኪሞላት እንደዚሁ ከጀርባ ጀርባ እየተላለፈች ነው ያደገችው።

ስምንት ወሯ ላይ ያ ቀን መጣ። ባለቤቴ ውቤ በረሃ አካባቢ ከምትሠራበት ቢሮ የማይቀር ስብሰባ ነበረባት፣ እማማም አሟቸው ተኝተዋል። ሚጣን ይዣት ወደ ሥራ ቦታዬ ሄድኩ። የምሠራበት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኳትና መላጊያዬን ላነሳ ዞር አልኩ። ዞሬ ሳልጨርስ ዷ! ደግነቱ የወደቀችው ሰጋቱራ ክምር ላይ ነው። ትንሽ አለቀሰች፤ ከዚያ ሰጋቱራው አፍንጫዋ ገብቶ አስነጠሳትና በራሷ ማስነጠስ ሳቀች። እኔ ግን መሬት ላይ ተቀምጬ አቅፌያት ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ልብሷን አራግፌ፣ ፀጉሯን አበጥሬ ቤት ወሰድኳት። ለባለቤቴ ትንፍሽ አላልኩም። ፈርቻት ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሥራዬ መደልደል ሆነ። ውሃ ልክ የምንለው መሣሪያ አለን፤ መሀሉ ላይ ውሃ ያለባት ትንሽ የመስታወት ቱቦ አለችው፣ ዕቃው ከዘመመ ውስጧ ያለችው አረፋ ሸርተት ትላለች። እሱን ይዤ መጀመሪያ የቤታችንን ወለል ሊሾ አደረግኩ። ቀጥሎ ደጃፉን አስተካከልኩ። ከዚያ ጎረቤት አስፈቅጄ፣ ድንጋይ ደርድሬ፣ አፈር ሞልቼ፣ ሲሚንቶ አፍስሼ የግቢውን መሀል አረፋዋ ንቅንቅ እስከማትል ድረስ ሜዳ አደረግኩት። የሰፈር ልጆች «ኤርፖርቱ» ብለው ስም አወጡለት። ለሚጣ ደግሞ ውስጡን ስፖንጅ ያለበስኩት የእንጨት አጥር ሠራሁላት። በሕይወቴ ከሠራሁት ዕቃ ሁሉ እሱን የሚያህል የሚያምር የለም።

በላዩ ላይ አዋጅ አወጣሁ። ማንም ሚጣን ወደ ላይ እንዳይወረውር፣ እንዳያሽከረክር፣ አዝሏትም ጎንበስ ቀና እንዳይል። መታቀፍ ካለባት፣ ቁጭ ብሎ ነው። እማማ ይሄን ሲሰሙ በራፋቸው ላይ ቆመው ሳቁብኝ።

«ለፈሪ ሜዳ አይነሡም» አሉ። «ደልድል ልጄ፣ ደልድል።»

እኔም ደለደልኩ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ አባትነት ማለት ይሄ ነው ብዬ ነበር።

ሚጣ ዓመት ሞላት፣ አልቆመችም። ዓመት ከመንፈቅ ሆናት፣ በቂጧ እየተንፏቀቀች ነው የምትሄደው። በእሷ ወር የተወለደው የጎረቤት ልጅ ድመት እያሳደደ ይሮጣል። አፏን የፈታችው ግን ገና በጊዜ ነው፣ ወሬዋ አይጣል ነው! አጥሯ ውስጥ ተቀምጣ አላፊ አግዳሚውን ታዛለች፣ ትቆጣለች። እግሯም ብርቱ ነው። ይዘን ስናቆማት ትቆማለች፤ ስንለቃት ግን ወዴት እንደምትወድቅ እንኳ ሳታውቅ፣ እጇን ሳትዘረጋ ዝም ብላ ትወድቃለች። መብራት ሲጠፋ የባሰ ነው። ቁጭ ባለችበት ትጮኻለች፣ የሚይዛት ሰው እስኪመጣ ወለሉን በሁለት እጇ ትጫናለች።

ሁለት ዓመት አለፋት። እኔ ከዚያ ወዲያ አንድ ነገር ብቻ ነበር የምፈልገው፤ ልጄ በራሷ እግር እንድትሄድ። እንጨት እየላግኩ የማስበው እሱን ነው። ባትሄድስ? ከዚያች ጠረጴዛ ስለወደቀች ቢሆንስ? በእኔ ጥፋት ቢሆንስ?

ሰው ደግሞ አይተውህም። ያገኘኝ ሁሉ «አይዞህ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይለኛል። መጀመሪያ አመሰግን ነበር። በኋላ በኋላ ግን ታች ያለው ባለሱቅ፣ ደግ ሰው ነው እግዜር ይስጠው፣ ስኳር እየመዘነልኝ ይቺኑ ሲደግምልኝ አመሌ ተነሳ። «እንቁላሉ ስንት ዓመቱ ነው?» ብዬ ጮህኩበት። ስኳሩን ትቼ ወጣሁ። ማታ በልጁ ላከልኝ፤ ከመዘነው በላይ አድርጎ።

ባለቤቴና እማማ ጠበል ወሰዷት። እኔም አብሬ ሄጃለሁ፣ ተንበርክኬም ለምኛለሁ። ከዚያ የሕፃናት ሐኪም አያት፤ እሱ ለጆሮ ሐኪም፣ የጆሮ ሐኪሙ ደግሞ ለፊዚዮቴራፒስት ላኩን። የጆሮ ሲሉኝ ያሾፉብኝ ነው የመሰለኝ። የእግር ነገር ከጆሮ ጋር ምን አገናኘው? ልጅቷ እንደሆነ እኔ ጓዳ ተደብቄ የካራሜላ ወረቀት ስከፍት ከደጅ ትሰማኛለች።

ፊዚዮቴራፒስቷ ልጅ እግር ነች፤ ዕድሜዋ ከመጋዜ ቢበልጥ በትንሽ ነው። እኔ ግን «ዶክተር» ነው ያልኳት። ሚጣን ባለቤቴ ጭን ላይ አድርጋ፣ የሚዞር ወንበር ላይ አስቀምጣ አሽከረከረቻቸውና በድንገት አቆመቻቸው። ከዚያ ጎንበስ ብላ የሚጣን ዓይን አየች። እኔ «ኧረ ቀስ፣ ኧረ ልጄን!» እያልኩ ነው። ሚጣ ግን እጇን አጨብጭባ «ድገሚኝ!» አለች።

«አሁን እርስዎ ይቀመጡ» አለችኝ።

ተቀመጥኩ፤ አሽከርክራ አቆመችኝ። ግድግዳው መዞሩን አልተወም። ባለቤቴ ዓይኔን አይታ ከት ብላ ሳቀች፤ ወዲያ ወዲህ ይዋልል ነበር አሉ። የሚጣ ዓይን ግን እንደቆመች ነው ጸጥ ያለው። ዶክተሯ ይሄን ጻፈችና ቀና ብላ፣ «ወድቃ ታውቃለች?» ብላ ጠየቀችን።

ባለቤቴ «ኧረ እኛ ቤት!» ብላ ስትጀምር እኔ «አዎ» አልኩ። ጠረጴዛውን፣ መላጊያውን፣ ሰጋቱራውን፣ ፀጉሯን እንዳበጠርኩት ሁሉ ተናገርኩ። መሬት መሬቱን እያየሁ ነው። ዛሬ አለቀልኝ ብዬ ስጠብቅ፣ ባለቤቴ በቀጭን ድምፅ «እኔም ከአልጋ ላይ ወድቃብኛለች» አለች። «ሁለቴ።»

«ሁለቴ?!» ብዬ ዘለልኩ።

«አንተ ደግሞ ምን አፍ አለህ!»

ዶክተሯ ሳቋን መያዝ አልቻለችም። «ያልወደቀ ልጅ ካለ እስቲ አሳዩኝ» አለች። «ከመውደቅ የመጣ አይደለም። አንዳንድ ልጅ ሲወለድም እንዲህ ሆኖ ይወለዳል። ማንም አላጠፋም።» ባለቤቴ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ አላለቀስኩም ብዬ አልዋሽም። ሁለት ዓመት ገደማ ተሸክሜው የዞርኩት ነገር ነዋ።

ከዚያ አስረዳችን። በውስጠኛው ጆሯችን፣ ከምንሰማበት ጎን፣ ቀለበት ቀለበት የሚመስሉ ትናንሽ ቱቦዎች አሉ፤ ውስጣቸው ውሃ ነው። ጭንቅላታችን ሲዞር ወይ ሲዘም ውሃው ይንቀሳቀስና ለአንጎል ወሬ ያደርሳል። ወደ ግራ ዘመምክ፣ ልትወድቅ ነው፣ እጅህን ዘርጋ ይለዋል። ሕፃን አንገቱን የሚያቀናው፣ የሚቀመጠው፣ የሚቆመው፣ እየተንቀሳቀሰም የሚያየውን ነገር በዓይኑ የሚይዘው በዚህ ነው። ሲታዘል፣ ሲወዛወዝ፣ ሲንከባለል ያንን ወሬ ማንበብ ይማራል።

«ውሃ ልክ!» ብዬ ጮህኩ። ባለቤቴ እንደማታውቀኝ ፊቷን አዞረች።

«አዎ፣ እንደዚያ ነው» አለች ዶክተሯ። «የሚጣ ደከም ያለ ነው፣ ስትሽከረከር ዓይኗ ያልዋለለውም ለዚህ ነው፤ የለም ማለት ግን አይደለም። አንጎሏ የጎደለውን ከዓይኗና ከእግሯ መዳፍ እየለቀመ ይሞላዋል። ግን መለማመድ አለበት። ስለዚህ ትወዛወዝ፣ ትዙር፣ ትንከባለል፣ ዳገት ትውጣ ቁልቁለት ትውረድ። ትውደቅም። ለመሆኑ ሰፈራችሁ ምን ዓይነት ነው?»

ባለቤቴ ወደ እኔ ዞረች። «ንገራታ» አለችኝ።

ነገርኳት። ስለ ሊሾው፣ ስለ ሲሚንቶው፣ ስለ ስፖንጁ፣ ስለ አዋጁ። ብትስቅብኝ ይሻል ነበር፤ አልሳቀችም። እስክጨርስ ጠብቃ፣ «ለውሃ ልኳ የሚለካው ነገር አሳጡት» አለችኝ በትህትና። ቀጥላም በሽታውን እንዳላመጣሁት፣ ግን ልምምዱን እንደከለከልኳት ነገረችኝ። ሁለቱም እውነት ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ እማማ በራፋቸው ላይ ቆመው ይጠብቁናል። የተባልነውን ስነግራቸው ነጠላቸውን አነሱ፣ ጀርባቸውን ሰጡኝ፣ ጎንበስ አሉ። ሰማንያ ሊሞላቸው ትንሽ ነው የቀራቸው።

«አምጣት» አሉ።

«እማማ፣ አሁን እኮ ከብዳለች። ለእርስዎ...»

«አንተም ከብደህ ነበር። አምጣት አልኩህ!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ግቢው ሥራ አገኘ። ከሥራ መልስ፣ ፀሐይ ሳትገባ፣ ሁለት ሰው ጋቢ በአራት ጫፉ ይይዛል፤ ሚጣ መሀል ትተኛለች፤ እሹሩሩ እየተባለች ግራ ቀኝ ትወዛወዛለች። ስትስቅ ድምጿ ታች ድልድዩ ድረስ ይሰማል። እኔ ይሄን ማየት ስለማያስችለኝ ባለሱቁ ጋ ሄጄ እቆማለሁ። እሱም ወንበር ይሰጠኛል። እንቁላል የሚባል ነገር በመሀላችን አይነሳም።

ዶክተሯ ደግሞ ለእኔ የቤት ሥራ ሰጠችኝ። ሚጣ የምትቆምበት፣ ከሥሩ ክብ ነገር ያለው፣ ወዲያ ወዲህ የሚል ሰሌዳ ይሥሩ አለችኝ። አናጢ አይደሉ? ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ጥሩ ጣውላ መረጥኩ፣ ዳር ዳሩን አለሰለስኩ፣ ሰፊ አደረግኩት፣ እንዳይገለበጥ ብዬ ከታች ትንሽ ድጋፍ ጨመርኩበት። ተሸክሜ ወሰድኩላት። ዶክተሯ ራሷ ወጣችበት፤ ንቅንቅ አላለም። ዘለለችበት፤ እሱ እቴ።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ጠረጴዛ ነው» አለችኝ።

ባለቤቴ ያንን ቀን እስካሁን ለእንግዳ ታወራዋለች። ሁለተኛውንም ሠራሁ፣ እሱም ጠረጴዛ ሆነ። እጄ እምቢ አለኝ፤ ጠማማ ሥራ ብዬ ሳዘው አይሰማም። በሦስተኛው ዓይኔን ጨፍኜ ያንን ድጋፍ በመጋዝ ቆረጥኩት። ሰሌዳው ሲወዛወዝ ሚጣ ሁለት እጄን ይዛ ወጣችበትና «አባባ፣ ቤቱ ዳንስ ይላል!» አለች። በማግስቱ ዲጂኖ አንስቼ የኤርፖርቱን ግማሽ ሰበርኩት። ከበሩ እስከ መሀል ያለው ወደ ድሮው ቁልቁለት ተመለሰ። ጎረቤት እብድ ነው ብሎ ያየኛል፤ ሲሚንቶውን ተሸክመው ያግዙኝ የነበሩትም እነሱ ናቸው፣ ፍርስራሹንም አብረውኝ አወጡ።

ቶሎ የመጣ ነገር ግን የለም። አንድ ወር፣ ሁለት ወር፣ ሦስት ወር። ስትወድቅ አያለሁ፣ ጥርሴን እነክሳለሁ። ግንባሯ አበጠ፣ ከንፈሯ ተሰነጠቀ። አንድ ቀን «በቃ! ልጄን ልትገድሏት ነው!» ብዬ ሰሌዳውን ወረወርኩት። ባለቤቴ ሄዳ አንስታ መልሳ አስቀመጠችው። አራተኛው ወር ላይ ሚጣ ስትወድቅ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እጇን ዘረጋች። መዳፏ ነው መሬቱን የነካው እንጂ ፊቷ አይደለም። እማማ እልል አሉ፣ ግቢው ተቀበላቸው። ከዚያ በኋላ በወደቀች ቁጥር እልል እንላለን። ሊጠይቀን የመጣ ዘመድ «ወይ ጉድ! እናንተ ሰዎች ልጅ ወድቃ እልል ትላላችሁ?» ብሎ አማተበ።

እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እኔ ራሴ አለማምዳታለሁ። ባለቤቴ ወገቧን ይዛ ታቆማታለች፣ እኔ ሦስት እርምጃ ርቄ ቁጢጥ ብዬ እጄን እዘረጋለሁ። አንድ ትራመዳለች፣ ሁለተኛው ላይ ትዘምና እጄ ላይ ትወድቃለች። አቅፋት አቅፋትና «ጎበዝ» እላታለሁ። ወራት እንዲህ ሄደ። እውነቱን ለመናገር ያቺን መውደቅ ለምጃት ነበር፤ ደስም ትለኝ ነበር።

ክረምቱ ወጥቶ፣ መስከረም ላይ፣ ሚጣ ሦስተኛ ዓመቷን ካለፈች በኋላ፣ አንድ እሁድ እንደወትሮው ቁጢጥ አልኩ። ከበሩ ውጭ የሰፈር ልጆች ቁልቁለቱ ላይ ጎማ እያንከባለሉ ይጮኻሉ። ባለቤቴ ለቀቀቻት። አንድ። ሁለት። እጄን አዘጋጀሁ። ሦስት። እግሯን ከፈት፣ ክንዷን ዘርጋ አድርጋ፣ ምላሷን አውጥታ አራተኛውን አስከተለች።

«ነይ፣ የኔ እናት! ነይ ወደ አባባ!»

«ቆይ» አለችኝ።

ዓይኗ ከእኔ ጀርባ ነበር። ቀሚሷ የጣቴን ጫፍ ነክቶ በጎኔ አለፈች። ዞሬ ሳይ የሰበርኩት ቁልቁለት ላይ ደርሳለች። ልይዛት ብድግ ስል ከላይኛው ቤት በራፍ የእማማ ድምፅ መጣ፤ ልጅ ሳለሁ ይቆጡኝ የነበረበት ድምፅ። «ተቀመጥ!»

ተቀመጥኩ። ሚጣ ቁልቁለቱ ሲጀምር ወደ ኋላ ለጠጥ አለች፤ ማንም ሳይነግራት። ሁለት ተራምዳ ወደቀች፣ በመዳፏ። እልል ያለ ሰው የለም፣ እሷም እልልታ አልጠበቀችም። ቂጧን ወደ ላይ አድርጋ፣ እጇን ከመሬት አንስታ ቆመች፤ የግቢውን በር በመዳፏ ዳበስ አድርጋ ወጣች፤ አጥሩ ጋረዳት።

እኔ እጄን እንደዘረጋሁ ቀርቻለሁ። ባለቤቴ መጥታ አጠገቤ ቁጢጥ አለችና እጆቼን አንድ በአንድ አወረደችልኝ። ከውጭ የሚጣ ጩኸት ይመጣል፤ ጎማውን ይዛ፣ አሁን ተራው የእኔ ነው እያለች ከልጆቹ ጋር ትጣላለች።